መለያ ቁጥር የሌላት አመልካች

ቀዩ ጽሑፍ ለሰባተኛ ጊዜ ብቅ አለ። ምርቃት «ላክ» የሚለውን ከተጫነች ሦስት ሰከንድ እንኳ አልሞላም።

«ያው ነው» አለች ሠርክ፣ ከጎኗ ካለው የፕላስቲክ ወንበር ላይ ወደ ስክሪኑ እየተጠጋች። «ቶክኑ ሊረጋገጥ አልቻለም ነው የሚለው።»

«ቶክን ምንድን ነው ግን?»

ሠርክም አታውቅም። የምታውቀው ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል መሆኑንና ማመልከቻው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንደሚዘጋ ብቻ ነው።

ጊዜው የባሕር ውስጥ የኢንተርኔት ገመድ ሞምባሳ የደረሰበት ዓመት፣ የነሐሴ የትምህርት ዕረፍት ነበር። ሁለቱም የፎርም ቱ፣ ማለትም የሁለተኛ ደረጃ ሁለተኛ ዓመት፣ ተማሪዎች ናቸው፤ አንድ ክፍል፣ አንድ ዴስክ። አንድ የነፃ ትምህርት ድርጅት ከናይሮቢ ትምህርት ቤቶች ሃያ ልጆች መርጦ ሳይንስ ወደሚያስተምር አዳሪ ትምህርት ቤት ሊልክ ነው። ማመልከቻ የሚቀበለው በድረ ገፁ ብቻ ነበር። ሠርክ የራሷን ማክሰኞ ዕለት፣ ሁርሊንግሃም ከቤታቸው፣ በአባቷ ኮምፒውተር ልካለች። ምርቃት ኮምፒውተር የላትም። ድርሰቷን በደብተር ጽፋ፣ አራት ጊዜ ገልብጣ፣ ኢስትሊ ከአክስቷ ሱቅ ሁለት መንገድ አልፎ ወዳለው ሳይበር የሚባል ኢንተርኔት ቤት ይዛው መጥታለች።

የሳይበሩ ባለቤት ለይላ የምትችለውን ሁሉ ሞከረች። ኮምፒውተሩ ያስቀመጣቸውን ኩኪዎች አጠፋች። ብራውዘሩን ቀየረች። የኮምፒውተሩ ቀን በአንድ ቀን ወደ ኋላ ቀርቶ ስለነበር አስተካከለችው። በመጨረሻም ወደ ሌላ ማሽን አዛወረቻቸው። እዚያም ያው ቀይ ጽሑፍ መጣ። «ፖሌ ሳና፣ በጣም አዝናለሁ» ብላቸው ወደ ሌሎች ደንበኞቿ ሄደች።

ሠርክ ወደ ወንድሟ ደወለች። ይድነቃቸው በዘጠኝ ዓመት ይበልጣታል፤ ድረ ገፁን በሠራው ድርጅት ውስጥ ፕሮግራመር ነው። እንዳታስቸግረው ብላ ነበር እስካሁን የቆየችው። ስልኩን ሲያነሳ ድምፁ ደክሟል። ከጠዋት ጀምሮ እንዲህ ያለ ስሞታ ሲሰማ እንደዋለ ነገራት፤ የምርቃትን ሙሉ ስም ጠየቃትና በመዝገቡ ፈለገው።

«ስሚ» አላት ቆይቶ። «ድረ ገፁ እናንተን አያውቃችሁም። የሚያውቃችሁ ትምህርት ቤታችሁ ነው። ስትገቡ ትምህርት ቤቱ ይመሰክርላችኋል፤ ይህች የእኔ ተማሪ ናት፣ ስሟ ይህ ነው፣ ኢሜይሏ ይህ ነው፣ መለያ ቁጥሯ ይህ ነው ይላል። እኛ ደግሞ በዚያ ቁጥር ማመልከቻው ላይ ማኅተም እናደርጋለን፣ ሌላ ሰው በስማችሁ አስመስሎ እንዳይልክ። ቶክን የሚባለው እሱ ነው።»

«የእሷስ?»

«የእሷ ቁጥር ባዶ ነው። ባዶ ላይ ማኅተም አይመታም።»

ቁጥሩ የልደት ሰርተፊኬት ቁጥር መሆኑን ነገራት። ከምርቃት ተቀብላ ከነገረችው፣ ከትምህርት ቤቱ ጋር አጣርቶ ወዲያው እንደሚያስገባው ቃል ገባላት።

ሠርክ ደስ ብሏት ወደ ጓደኛዋ ዞረች። ነገሩ ቀላል ነበር ማለት ነው። ምርቃት ሰርተፊኬቱ አክስቷ ዘንድ እንደሆነ ተናገረች።

«እንሂድና እናምጣው እንግዲህ። ሱቁ እዚህ አይደል?»

ምርቃት አልተነሳችም። የደብተሯን ጠርዝ በጥፍሯ መፋቅ ጀመረች።

«ምርቃት፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው እኮ።»

«የለም።»

«ምኑ?»

«ሰርተፊኬት የለኝም። እዚህ አይደለም የተወለድኩት።»

ሠርክ፣ ምርቃት ናይሮቢ ተወልጄ ናይሮቢ ያደግሁ ነኝ ስትል ሁለት ዓመት ያህል ሰምታለች። ክፍል ውስጥ ልጆች ከየት እንደመጡ ሲጠያየቁ ቀድማ የምትመልሰው እሷ ነበረች፤ ስዋሂሊዋም ከሁሉም ይበልጥ ነበር። አሁን ዓይኗን ከደብተሩ ሳታነሳ እውነቱን ተናገረች። በሦስት ዓመቷ ከአክስቷ ከፋንቱ ጋር በሞያሌ በኩል በጭነት መኪና ነው የገባችው። ምንም ወረቀት የላቸውም። ትምህርት ቤቱ ሲመዘግባት አክስቷ «ወረቀቱን በኋላ አመጣለሁ» ብለው ነበር። ከዚያ በኋላ የጠየቀ ሰው የለም።

ስልኩ አሁንም ክፍት ነው። ይድነቃቸው «ሠርክ? አለሽ?» ይላል።

«ቁጥር የላትም» አለችው ሠርክ። «ወረቀትም የላትም። ከኢትዮጵያ ነው የመጣችው።»

ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው ምርቃት እየሰማች መሆኑ ትዝ ያላት። ምርቃት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ውጭ አንድ ማታቱ የሚሉት የታክሲ ሚኒባስ መንገዱን ዘግቶ ጥሩንባ ይነፋል።

ይድነቃቸው አልገረመውም። ቁጥራቸው ባዶ የሆነ ሌሎች አሥር ልጆች አግኝቷል። አለቃው ማኅተሙን ለዛሬ ጨርሰህ አንሳው ብሎት ነበር፤ እሱ ግን እንደዚያ ከተደረገ ማንም በማንም ስም ሊልክ ይችላል ብሎ ተከራከረ። ሌላ መንገድ ተስማምተዋል። በቁጥሩ ፈንታ ኢሜይሉን መለያ ያደርጋሉ። ኢሜይል የሌለው ተማሪ የለም። ሠርቶ እስኪጭነው ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው፤ እስከዚያ ምንም እንዳይነኩ ነገራቸው።

ያ ግማሽ ሰዓት አልሄድ አለ። የሚሠራ ነገር አልነበረም። ሠርክ ሦስት ጊዜ «አይዞሽ» ልትል አስባ ሦስቱንም ጊዜ ተወችው። ለምን ዋሸሽኝ ብላ መጠየቅም ፈለገች፤ ግን ሠርክ ራሷ እዚያ ክፍል ውስጥ ያለ ወረቀት ብትቀመጥ ኖሮ ምን ትል እንደነበር አላወቀችም። ለይላ ሁለት ብርጭቆ ሻይ አስቀመጠችላቸው። ሁለቱም አልጠጡም።

አሥር ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ መልእክት መጣ፤ «ሞክሩ»።

ምርቃት የይለፍ ቃሏን ጻፈች። ቀይ ጽሑፍ የለም። ገፁ ላይ «እንኳን ደህና መጣሽ ምርቃት» የሚል ወጣ፤ ከሥሩ ግን «ማመልከቻሽ ማክሰኞ ዕለት ደርሶናል» ይላል። ከዚያ በታች አንድ ድርሰት አለ። ስለ ውኃ ፓምፕ ነው፤ አባቷ ከሚሠራበት የእርዳታ ድርጅት ጋር ቱርካና ሄዳ ያየችው ፓምፕ።

የሠርክ ድርሰት ነበር።

ሠርክ መጀመሪያ ሳይበሩ ተሳስቶ የእሷን የከፈተ መሰላት። ከዚያ ገባት። ፎርም ዋን ሲገቡ ትምህርት ቤቱ ከሁሉም ኢሜይል ጠይቆ ነበር። ምርቃት አልነበራትም። «የእኔን ሙዪ፣ መልእክት ቢመጣልሽ እነግርሻለሁ» ያለቻት ራሷ ሠርክ ናት። ከዚያን ቀን ጀምሮ በአንድ ኢሜይል ኖረዋል። አሁን ለድረ ገፁ ሁለቱ አንድ ሰው ሆነዋል።

ከገፁ ግርጌ አንድ ቁልፍ አለ። «አዲሱን በአሮጌው ቦታ ተካ» ይላል። ከተጫኑት የምርቃት ይገባል፤ የሠርክ ይጠፋል።

ይድነቃቸው ጋ ደወለች፤ ተይዟል። ደግማ ደወለች፤ ተይዟል። የትምህርት ቤቱን ስልክ ማንም አያነሳም፤ በዕረፍት ጊዜ ጸሐፊዋ ከአሥር ሰዓት በኋላ አትኖርም። በትምህርት ቤቱ መዝገብ ያለውን ኢሜይል የሚቀይር ከጸሐፊዋ ሌላ የለም። ምርቃት ድርሰቷን ገልብጣ ጨርሳለች። ቃላቱ አዲስ ማመልከቻ በሚጻፍበት ሳጥን ውስጥ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ።

አሥራ አንድ ሊሆን ስድስት ደቂቃ ሲቀረው ምርቃት ማውዙን ለቀቀችው።

«አንቺ ባታልፊ እንኳ አባትሽ ያስተምርሻል» አለች ቀስ ብላ። በቁጣ አልነበረም፤ የሆነውን ብቻ ነው የተናገረችው።

ሠርክ እጇን ማውዙ ላይ አደረገች። ምርቃት ያለችው እውነት መሆኑን ታውቃለች። ስለ ፓምፑ የጻፈችበትን ሦስት ሌሊትም ታውቃለች፤ ሂሳብ አስተማሪያቸው አንብበው «ይሄ ያልፋል» ያሉትንም። መልሳ ይድነቃቸው ጋ ደወለች፤ ተይዟል። ቀስቱ ቁልፉ ላይ ነበር። ጣቷ አልተጫነም፣ አልተነሳምም። እንደዚያ ሆና በስክሪኑ ጥግ ያለውን ሰዓት ስታይ ቆየች፤ ቁጥሩ ሲቀየር፣ እንደገናም ሲቀየር። ምርቃት አላዘዘቻትም፣ አልለመነቻትም። ጎኗ ተቀምጣ ያንኑ ሰዓት ታያለች።

ቁልፉ ግራጫ ሆነ። ማመልከቻ የመቀበያው ጊዜ አልፏል የሚል መስመር ወጣ።

ምርቃት ደብተሯን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ለይላን አመሰገነች። በር ላይ ስትደርስ ዞር ብላ፣ ማታቱ ሳይሞላ ቶሎ እንድትሄድ ሠርክን መከረቻት፤ ሁልጊዜ እንደምታደርገው። ከዚያ ሄደች።

ሠርክ ቁጥር ስድስት ማታቱ ውስጥ የመስኮቱ ጥግ ተቀምጣ ስልኳን አየች። ይድነቃቸው ጽፎላታል፤ «ሠራ?»

«ኔትወርክ ጠፋ» ብላ ጻፈች። ማንም አያጣራውም። ኢስትሊ ውስጥ ኔትወርክ በየቀኑ ይጠፋል። መልእክቱን ለጥቂት ጊዜ አየችው፤ አጠፋችው፤ ደወለች።

«ሠርቶ ነበር፣ ይድኔ» አለችው። «ግን የከፈተው የእኔን ነው። ኢሜይላችን አንድ ነው። ብትልክ የእኔ ይጠፋ ነበር። እኔ ነኝ ያልተጫንኩት።»

ወንድሟ የመለሰላት ስለ እሷ አልነበረም። በአንድ ኢሜይል የተመዘገቡ ወንድማማቾችና እህትማማቾች እንደሚኖሩ፣ ምናልባትም የአንዱ ማመልከቻ የሌላውን እንዳጠፋው ተገንዝቦ ራሱን ይወቅስ ጀመር። ጥፋቱ የእሱ ስለሆነ ዛሬውኑ ለድርጅቱ መንገር አለበት። ለተበደሉት ልጆች ጥቂት ቀን እንዲጨምሩ ይጠይቃል፤ ይፍቀዱ አይፍቀዱ ግን አያውቅም።

«የምርቃትን ስም ላስገባ?» አላት። «ቁጥሯ ለምን ባዶ እንደሆነ ይጠይቃሉ። ትምህርት ቤቱንም ይጠይቁ ይሆናል። ሊጠቅማት ይችላል፤ ሊጎዳትም ይችላል። ምን ልበላቸው?»

ማታቱው የፓንጋኒን አደባባይ ሊዞር ነው። ሠርክ አፏን ከፈተች፤ መልሱን የምታውቀው መስሏት ነበር።

«አንድ ሰዓት ስጠኝ» አለችው። «የእሷን እሷ ትንገርህ።»

ስልኩን ዘጋችና ከወንበሯ ተነሳች። «ናሹካ» ብላ መውረዷን ለረዳቱ ነገረችው። እሱም ጣሪያውን ሁለቴ መታ፤ ማታቱው ጥግ ያዘ። ሠርክ ወርዳ መንገዱን ተሻገረችና ወደ ኢስትሊ በሚመለሰው በኩል ቆመች።