የኮርኒሱ አቧራ

ቤቱን ልትገምት የመጣችው ሴት በቀጠሮዋ ልክ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ደረሰች። በሩን የከፈተላት ግን ባለቤቱ ሳይሆን ፖሊስ ነበር።

የኢንሹራንስ ኩባንያ ገምጋሚ ናት። አንድ ቤት ቢቃጠል መልሶ ለመሥራት ስንት እንደሚፈጅ ለክታና አስልታ፣ ባለቤቱ በየዓመቱ የሚከፍለውን ዓረቦን ትወስናለች። ሜትር ከእጇ ስለማይለይ ባልደረቦቿ «እትዬ ሜትር» ይሏታል። ስሙ ፖሊስ ጣቢያ ድረስ ዘልቋል።

«እትዬ ሜትር፣ ዛሬስ አርፍደሻል» አለ ብዙ የእሳት አደጋ አብሯት ያየው የፖሊስ መኮንን። «ሽማግሌው ከመሰላል ወድቀው ሞተዋል። አንቺ ሳትመጪ ኮርኒሱን ልይ ብለው ይመስለኛል።»

 በእሷ ሰበብ ወጥተው ከሆነስ?

ሟቹ ጡረታ የወጡ የማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ነበሩ። ኮሪደሩ ውስጥ በደረታቸው ተደፍተዋል። አጠገባቸው አጭር የእንጨት መሰላል ተጋድሟል፤ ከበላያቸው ወደ ኮርኒሱ የሚያስገባው ክዳን ገርበብ ብሏል።

«ሐኪሙ ትናንት አመሻሽ ላይ ነው የሞቱት አለ» ሲል መኮንኑ ቀጠለ። «የተመቱት ግንባራቸውን ነው። ደሙ ወደ ውስጥ ቀስ እያለ ስለፈሰሰ ወዲያው አልሞቱም፤ አንድ ሰዓት ሳይቆዩ አልቀሩም።»

ሴትዮዋ ቁጢጥ ብላ ተመለከተች። የሽማግሌው ጥቁር ኮት ጀርባው ላይ ነጭ አቧራ ተነስንሶበታል። ተነስታ ለካች፤ ከወለል እስከ ኮርኒስ ሦስት ሜትር ከአርባ፣ መሰላሉ ደግሞ ዘጠና ሳንቲም። ሰም የተቀባው የጣውላ ወለል ላይ ሁለት ክብ ምልክቶች ገባ ገባ ብለው ታዩዋት። በመካከላቸው ሃምሳ ሁለት ሳንቲም አለ። የአጭሩ መሰላል እግሮች ግን የሚራራቁት ሠላሳ ስምንት ብቻ ነው።

መኮንኑ ከሟቹ የውስጥ ኪስ አንድ የተከፈተ ፖስታ አወጣ።

«ይሄ የእኔ ነው። ትናንት አሥር ሰዓት ላይ በመልእክተኛ የላክሁላቸው የዋጋ ማቅረቢያ» አለች። ኅዳጉ ላይ በእጇ የጻፈችው እንዲህ ይላል፦ «ከሃያ አምስት ዓመት በላይ የቆየ ሽቦ የሚያስነሳው እሳት አይሸፈንም። ነገ ኮርኒስ ገብቼ ሳላይ ቅናሽ አልሰጥም።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ኪስህ ክተተው። ለማንም እንዳታነሳው።»

ሳሎን ውስጥ ሦስት ሰዎች ይጠብቃሉ፦ ነርስ የሆነችው የሟች ልጅ፣ ኤሌክትሪሺያን ባሏና የጓሮውን ክፍል የተከራየው ጫማ ሰፊ። ጠረጴዛው ላይ የሌሎች ሁለት ኩባንያዎች ማቅረቢያዎች ተዘርግተዋል። ሽማግሌው የተለቀመ የማተሚያ ፊደል በሚመስል ጽሑፋቸው በርካሹ ላይ «ስርቆትን አይሸፍንም፤ ገምጋሚ አይልክም፤ ለምን?» ብለዋል፤ በውዱ ላይ ደግሞ «የመሬቱን ዋጋ ደምሮ አስልቷል። መሬት ይቃጠላል እንዴ?» ስንቱ ሰው ሳያነብ እንደሚፈርም የምታውቀው ሴት ምነው ሰውዬውን በሕይወት ባገኘኋቸው ብላ ተመኘች።

መጀመሪያ፣ መኮንኑ በተገኘበት፣ ጫማ ሰፊውን ወደ ጓዳ ጠራችው።

«ከሟቹ ጋር ተጣልታችሁ ነበር አሉ።»

«በማስቲሽ ነው» አለ ላቡን እየጠረገ። «ቤት ውስጥ የሚቀጣጠል ነገር ካለ ዓረቦኑ ይጨምራል፣ ማስቲሽህን ወደ ሱቅህ ውሰድ አሉኝ። ተቆጣሁ፤ ግን ወሰድኩ። ትናንት አሥር ሰዓት ላይ የመጣውን ፖስታ ሰጥቻቸው ወደ ሱቅ ሄድኩ። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ስመለስ የኮሪደሩ መብራት በርቷል። ጋሼ እያነበቡ መስሎኝ አለፍኩ። ባንኳኳ ኖሮ…»

ቀጥሎ ልጅቱ ገባች። ዓይኗ አብጧል።

«ትናንት ድንገተኛ ክፍል ተረኛ ነበርኩ። ከዚህ አሥር ደቂቃ ነው» አለች። «አባባ መሰላል ይፈራል፤ አምፖል ሲቃጠልበት እንኳ ባሌን ነው የሚጠራው። የቤቱ ወራሽ እኔ ነኝ፤ እኔንም ጠርጥሩኝ። ብቻ እውነቱን ንገሩኝ።»

ባልየው ሲጠየቅ እግሩን ዘርግቶ ተቀመጠ።

«ከእሁድ ወዲህ እዚህ ቤት አልረገጥኩም። የቤቱን ሽቦ በሙሉ አምና የቀየርኩት እኔ ነኝ፤ ምስክር ወረቀቱንም ፈርሜያለሁ። ርካሹን ያዙ ብያቸው ነበር። የእናንተ ምን ያደርጋል? ከሃያ አምስት ዓመት በላይ የቆየ ሽቦ አንሸፍንም፣ ኮርኒስ ካልገባን… ጣጣችሁ ብዛቱ!»

«እውነትህን ነው፣ ጣጣችን ብዙ ነው» አለች ፈገግ ብላ። «መኪናህ ላይ ረጅም መሰላል አይቻለሁ። እስቲ አውሰኝ፤ ሥራዬን ልጨርስ።»

የሰውየው እግር ተሰበሰበ። «አሁን? ሬሳ ባለበት ቤት?»

«አምጣው» አለ መኮንኑ።

አስከሬኑ ወደ መኝታ ቤት ከገባ በኋላ ሁሉም ኮሪደሩ ውስጥ ተሰበሰቡ። ሴትዮዋ የመሰላሉን እግሮች ሁለቱ ክብ ምልክቶች ላይ አሳረፈቻቸው። ልክክ አሉ።

«ሃምሳ ሁለት» አለች። ወጥታ ክዳኑን ገፋችና በባትሪ አየች። ስትወርድ ፊቷ ተለዋውጧል።

«አባትሽ አልወጡም» አለች ወደ ልጅቱ ዞራ። «በዚያች አጭር መሰላል ጫፍ ላይ ቢቆሙ እንኳ እጃቸው ክዳኑን አይነካም። አቧራው ደግሞ የወረደው ጀርባቸው ላይ ነው። ክዳኑ የተከፈተው ከወደቁ በኋላ ነው ማለት ነው።»

«ሌባ ይሆናል» አለ ባልየው።

«ሌባ ኮርኒስ ገብቶ ሽቦ አይቀጥልም። ከክዳኑ አጠገብ አንድ ክንድ የሚሆን አዲስ ሽቦ ያብለጨልጫል፤ ከዚያ ወዲያ ልባሱ የተበጣጠሰ አሮጌ ሽቦ ነው። አንገቴን ብቻ አስግጌ አይቼ እንድመለስ የተሠራ ነው።»

«ማንም ሊሠራው ይችላል!»

«አሮጌ ሽቦ እንደማንሸፍን በምን አወቅህ?»

«ነገርኩሽ እኮ። እሁድ ዕለት አሳዩኝ።»

መኮንኑ ፖስታውን ከኪሱ አወጣ።

«ያንን ቃል በእጄ የጻፍሁት ለዚህ ቤት ብቻ ነው» አለች ሴትዮዋ። «እዚህ የደረሰው ትናንት አሥር ሰዓት ላይ ነው፤ ዛሬ ጠዋት ከኪሳቸው እስኪወጣ ድረስ ማንም አላየውም። ያነበብከው ትናንት፣ እሳቸው በሕይወት እያሉ ነው። ስንት ቤት ላይ ነው እንዲህ ያለ ምስክር ወረቀት የፈረምከው?»

ባልየው ግድግዳውን ተደገፈ። ጫማ ሰፊው አንድ እርምጃ ወደኋላ ሸሸ።

«አርባ ያህል» አለ ባልየው በመጨረሻ። «ትናንት ደውለው ጠሩኝ። ወረቀቱን አስነብበው ሲጠይቁኝ ሽቦውን እንዳልቀየርኩ አመንኩላቸው። እውነቱን ለሴትዮዋ እነግራታለሁ፣ የሌሎቹንም ቤት ትየው፣ ሰው ተኝቶ ይቃጠላል አሉኝ። በሩን ሊከፍቱ ሲሉ ገፋ ነው ያደረግኋቸው… ያ ግድግዳው ሥር ያለው የጫማ መደርደሪያ ጠርዝ መታቸው። ልገድላቸው አልነበረም።»

«ከዚያ ከእሳቸው በላይ መሰላል ተክለህ ሥራህን ቀጠልክ» አለ መኮንኑ።

ልጅቱ ቀስ ብላ ባሏ ፊት ቆመች። ስትናገር ድምፅዋ በተረኛነቷ በሽተኛ እንደምትጠይቅበት ያለ ነበር።

«አንተ ላይ ሆነህ ስትሠራ፣ አባባ ድምፅ ያሰማ ነበር?»

ሰውየው ዓይኑን አሸሸ።

«ጠየቅሁህ።»

«ያንኮራፉ ነበር» አለ። «የተኙ መሰለኝ። ትንሽ ቆይተው የሚነሱ…»

ነርሷ ዓይኗን ጨፈነች። ያ ማንኮራፋት እንቅልፍ ሳይሆን ጭንቅላቱ ውስጥ ደም የሚፈስበት ሰው ማጣጣር እንደሆነ ታውቃለች፤ ድንገተኛ ክፍል ሲሰማ ሁሉም የያዘውን ጥሎ ይሮጣል።

«ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር» አለችው። «ትናንት ማታ በሽተኛ እንኳ አልነበረንም። ቁጭ ብዬ ሻይ እየጠጣሁ ነበር።»