የአክስቴ ካንጋ

እኛ የጃምቢያኒ መንደር ሰዎች በአፋችን የማንደፍረውን በምናገለድመው ጨርቅ፣ በካንጋ፣ እንናገራለን። በለበስሽው ጨርቅ ጠርዝ ላይ የታተመው አባባል ያንቺ ቃል ነው። «አላየሁትም» ብትዪ ማንም አያምንሽም።

እኔ ግን እውነቴን ነው፣ አላየሁትም። ከንባብ ጋር ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ እንደተኳረፍን ነን።

ቩዋይ የባሕር ፍጥረት ሊያጠኑ ከከተማ ከመጡት ተማሪዎች አንዱ ነው። ባሕሩ ውስጥ ወዳለው የኮራል አለት የሚያደርሳቸው የአባቴ ጀልባ ነው፤ እኔ መነጽርና የመተንፈሻ ቱቦ አድላለሁ፣ አብሬያቸውም እዋኛለሁ። ቱቦውን ስሰጠው ቶሎ አይቀበለኝም። እኔም ቶሎ አልለቅለትም።

ትናንት ዳር ላይ ጠብቆ፣ «ሚዛ፣ ነገ ማታ እንመለሳለን» አለኝ። «ከፈቀድሽ ከመሄዴ በፊት አባትሽን ላናግር።»

«ላስብበትና ጠዋት እነግርሃለሁ። ዓሣ ነኝ እንዴ፣ ባየኸኝ ቀን የምትይዘኝ?»

የምን ማሰብ! ሌሊቱን ስስቅ አደርኩና አረፈድኩ። ከልብስ ማስጫው ገመድ ላይ እጄ የገባውን ካንጋ አገልድሜ ሮጥኩ።

ጀልባው ላይ ቩዋይ ካንጋዬን አየ። ከዚያ ባሕሩን አየ። ከዚያ በኋላ እኔን አላየም።

«ይሄ ልጅ ምን ነካው?» አለ አባቴ።

«ሞገዱ ይሆናል» አሉ አስተማሪያቸው። ባሕሩ ግን እንደ ሰሃን ተኝቷል።

ጎንበስ ብዬ የካንጋዬን ጽሑፍ ፊደል በፊደል ለቀምኩት፦ «የኔ በር ዝግ ነው፤ ሌላ አንኳኳ።»

ወይኔ! አክስቴ ሹፋ ላግባሽ እያለ ለሚመላለስባት ዓሣ ነጋዴ የገዛችው!

አባቴ አጠገቤ ነው፣ እንዴት ልናገር? ካንጋውን ጥዬ በሱሪና በሸሚዜ ቩዋይን ተከትዬ ውኃው ውስጥ ዘለልኩ።

ውስጡ ጸጥታ ነው። ሁሉም አንዲት ኤሊ ተከትለው ሄደዋል። ቩዋይ ብቻውን ከባሕር ሣሩ በላይ ተንሳፎ፣ ጅራት ለጅራት የተያያዙ ጣት የሚያክሉ ሁለት የባሕር ፈረሶች የጻፉበትን ውኃ በማያጠፋው ሰሌዳው ላይ ይስላል። እርሳሱን ነጠቅኩት።

«ጨርቁ ያክሥቴ ነው» ብዬ ጻፍኩ።

አነበበ። ደግሞ አነበበ። እርሳሱን ወስዶ፣ «ያንቺ በርስ?» ብሎ ጻፈ።

«ክፍት።»

ሳቁ አመለጠውና ውኃ ጠጣ። እያሳለ ብቅ ሲል አባቴ፣ «ምን አገኘህ?» አለው።

«የ... የባሕር ፈረስ።»

«እኔን! የባሕር ፈረስ ያስደነገጠው የከተማ ልጅ!»

አመሻሹ ላይ በራችን ተንኳኳ። የከፈተችው አክስቴ ሹፋ ናት፤ ያንኑ ካንጋ አገልድማለች። ቩዋይን አየችው፣ ወደ ራሷ ወገብ አየች፣ መልሳ እሱን አየችው።

«አንተ የተማርክ ልጅ፣ ማንበብ አትችልም?»

«አልችልም፣ አክስቴ» አላት። «ሚዛ ልታስተምረኝ ነው።»

እኔ ከመጋረጃው ጀርባ አፌን በመዳፌ አፍኛለሁ።

አክስቴ በሩን እስከ ግድግዳው ድረስ ከፈተችው።