ወደ በር የዞሩት ጫማዎች

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለች ዛና።

«ጫማ እያዞርኩ» አለች ፊቶሬ፣ ቀና እንኳ ሳትል።

የዛና አጎት ልጅ ፊቶሬ በቤታቸው በረንዳ ላይ ቁጢጥ ብላ የእንግዶቹን ጫማ አንድ በአንድ አፍንጫውን ወደ ደጅ እያዞረች ትደረድራለች። የዛናን አባት ጫማ፣ የእናቷን፣ የዛናንም ነጭ ስኒከር። ምሳው ገና አልቀረበም፤ ንብርብሩ ቂጣ፣ ፍሊያው፣ ግቢው ውስጥ ከፍም ስር አልወጣም።

ይሄ «ውጡልን» ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ዛና ከነቤተሰቧ ከጀርመን ወደ አባቷ መንደር ከተመለሰች ሁለት ሳምንቷ ነው። የመንደሩ ልጆች «ጀርመኗ» ሲሏት ችላ ብላ አልፋለች። ይሄኛው ግን አላስቻላትም። ተንደርድራ ጫማዎቹን በሙሉ ወደ ቤቱ መልሳ አዞረቻቸው።

«አንወጣም!» ብላ ጮኸች። «አባቴ የተወለደው እዚህ ቤት ነው! ይህን ግድግዳ ከአጎቴ ጋር ድንጋይ ተሸክሞ ነው የሠራው! ማስወጣት የሚፈልግ ካለ እሱ ራሱ ይውጣ!»

አጎቷ ሶኮል ሲጋራውን እንደያዘ በካልሲው ወጣ። ጫማዎቹን አየ፣ ልጅቷን አየ፣ እስኪያስለው ሳቀ።

«አንቺ ደግሞ!» አለች ፊቶሬ። «እንግዳ ሲሄድ ሳይዞር ሳይጎነበስ እግሩን ሰተት እንዲያደርግ እኮ ነው። ክብር ነው!»

የዛና ፊት በርበሬ መሰለ። ከውስጥ ሳቁ ተከተለ፤ ያልሳቀው አባቷ ብቻ ነበር። የመንደሩ ትምህርት ቤት ምዝገባ ነገ ይዘጋል። ጠዋት «ካልፈለግሽ ሽቱትጋርት አክስትሽ ጋ ትመለሻለሽ፤ እስከ ማታ ንገሪኝ» ብሏት ነበር። የሷ መልስ ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድ ነው፦ «ልመለስ። በአልባንኛ ምላሴ ይተሳሰራል፣ ክፍል ውስጥ ይስቁብኛል።»

«ዛናዬ» አላት አሁን፣ ቀስ ብሎ። «ቅድም የጮኽሽው በምን ቋንቋ ነበር?»

አሰበች። አንዲት የጀርመንኛ ቃል አልገባችበትም። አልተንተባተበችም።

«በ... በኛ።»

«በኛ!» ሶኮል ጭኑን መታ። «ያውም ቁርጥ እናታችንን! እሷ ስትቆጣ ከወንዙ ማዶ ያለ ውሻ ጅራቱን ይሸጉጥ ነበር። በል ወንድሜ፣ እናታችን መጣችልህ!»

ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ዛና ስትፈራው የከረመችው ሳቅ ይኸው መጣ፤ ቤት ሙሉ ሰው ሳቀ፣ እሷም አልሞተች። እንዲያውም አንገቷ ቀና ብሏል። ሳታውቀው እሷም ከሁሉም ጮክ ብላ መሳቅ ጀመረች።

ሳቋን ስትጨርስ ወደ ፊቶሬ ዞረች።

«ትምህርት ቤቱ ጠዋት በስንት ሰዓት ነው የሚከፈተው?»

አባቷ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

«ሁለት ሰዓት» አለች ፊቶሬ። «ግን ለመመዝገብ ምን አደከመሽ? ዳይሬክተሩ እቤቱ ሆኖ ሰምቶሻል።»