ወንድሜ ያሠራልኝ በር

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀመር ተነስታ ወደ ሥራዋ የምትሄድ ሴት ነኝ፣ የሂሳብ አስተማሪ ነኝ፣ ጋኔን ታየ፣ የሞተ ሰው ተጣራ ሲባል «ሆዳችሁ ሞልቶ ተኝታችሁ ነው» እያልኩ የምስቅ፣ እና አሁን ይህን ስነግራችሁ ብትስቁብኝም አልቀየምም፣ ብቻ እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

ደብረ ታቦር ከተማ ዳር፣ ጀርባው ሜዳ የሆነ የአባታችን ቤት አለ፣ አባታችን ካረፈ ወዲህ ታላቅ ወንድሜ ሙሉቀን ከሚስቱና ከሦስት ልጆቹ ጋር ይኖርበታል፣ እኔም ስላላገባሁ አንዷ ክፍል የኔ ነበረች። የኔ መስኮትና የእሱ መኝታ ቤት መስኮት ጎን ለጎን ሆነው ሜዳውን ያያሉ። ወንድሜ ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን ለኔ ብሎ አንድ ነገር ሲያደርግ አይቼ አላውቅም፣ ስለዚህ አንድ ቀን «እታለም፣ ሁልጊዜ በሳሎን እየዞርሽ ስትወጪ ታሳዝኚኛለሽ፣ መስኮትሽን አስነቅዬ የራስሽ የውጭ በር ላሠራልሽ» ሲለኝ፣ እመኑኝ፣ እንባዬ ነው የመጣው፣ ትከሻውን ስሜ አመሰገንኩት።

አናጢው ጋሽ ሰይድ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው፣ የሰፈሩን በርና መስኮት ሁሉ የሠሩት እሳቸው ናቸው። የመስኮቱን ብረት ነቀሉ፣ ከሥሩ ያለውን የጭቃ ግድግዳ እስከ መሠረቱ አፈረሱ፣ መቃን ገጠሙ። ወንድሜ ሥራውን ጥሎ አጠገባቸው ቆሞ ዋለ።

«ልስኑ ሳይደርቅ መዝጊያውን ብሰቅለው ይንጋደዳል፣ ሰኞ ልምጣ» አሉት።

«አይሆንም ጋሽ ሰይድ፣ ለቅዳሜ መድረስ አለበት፣ እባክዎ።»

«ቅዳሜ ምን አለ? ሰርግ ነው?»

ወንድሜ ሳቀና መዶሻውን አቀበላቸው። ባለ ሁለት መዝጊያው የእንጨት በር ዓርብ ሳይመሽ ተሰቅሎ አለቀ።

ቅዳሜ ጠዋት ሚስቱንና ልጆቹን እብናት አማቶቹ ዘንድ ላካቸው፣ እሱም «ገበያ ደርሼ ልምጣ» ብሎ ወጣ። ሰኔ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ጭጋጉ ከጉና ተራራ ወርዶ ሜዳውን ዋጠው፣ ዝናብም ያካፋል፣ እኔ ጀርባዬን ለአዲሱ በር ሰጥቼ የፈተና ወረቀት አርማለሁ። መጀመሪያ የሰማሁት እግር ነው፣ እንግዳ ሰው ከመግባቱ በፊት ጫማውን ደፉ ላይ እየመታ ጭቃ ሲያራግፍ የሚሰማው ድምፅ አለ አይደል፣ ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ፣ ያንን ነው። በሜዳው በኩል ደግሞ ሰው የሚመጣበት መንገድ የለም። ከዚያ አንድ የሽማግሌ ድምፅ፣ ረጋ ያለ፣ ብዙ እንደሄደ ሰው የደከመው፣ «ቤቶች!» አለ።

«ማን ልበል?» አልኩ።

«ሙሉቀን የለም?»

«ገበያ ወጥቷል።»

«በር አስከፍታለሁ ብሎኝ ነበር፣ አስከፈተ እንዴ?» አለ።

እኔ ምን አውቄ፣ ከገጠር የመጡ ዘመድ መሰሉኝ፣ ሽማግሌ እንዴት ዝናብ ላይ ይቆማል ብዬ «አዎ አስከፍቷል፣ ይግቡ፣ ይግቡ» እያልኩ ተነስቼ መቀርቀሪያውን ሳብኩት። ማንም የለም። ጭጋግ ብቻ። አንገቴን አውጥቼ ግራ ቀኝ አየሁ፣ ሣሩ ላይ የተረገጠ ነገር የለም፣ ዞር ስል ግን ከደፉ ወደ ውስጥ፣ ጠዋት በወለወልኩት ሲሚንቶ ላይ፣ ሦስት የጭቃ ዱካ አለ፣ ሦስተኛው ወንበሬ አጠገብ ደርሶ ያልቃል። ወደ ውጭ የሚመለስ የለም።

ወንድሜ እስኪመጣ ሳሎን ቆሜ ጠበቅሁት፣ እንደገባ ሁሉንም ነገርኩት። እንግዲህ እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፣ «ማን ነው?» አላለኝም፣ «ሌባ ይሆናል» አላለኝም፣ «ገቡ?» ብቻ አለኝ።

«ምን?»

«ይግቡ አልሻቸው ወይ?»

«አልኳቸው።»

ትንፋሹን ለቀቀው፣ ከባድ ሸክም እንዳወረደ ሰው ወንበር ላይ ዘጭ አለ። ከዚያ ፊቴን ሳያይ ነገረኝ፣ ካለፈው ክረምት ጀምሮ እኚህ ሽማግሌ በእሱ መስኮት ሥር እየመጡ ይጠሩት እንደነበር፣ «በመስኮት አልገባም፣ በር ክፈትልኝ» እያሉ፣ ማን እንደሆኑ እሱም እንደማያውቅ፣ ሲሰለቸው ቃል እንደገባላቸው።

«ታዲያ ለምን በኔ ክፍል?»

«እኔ ልጆች አሉኝ እታለም» አለ። «አንቺ ብቻሽን ነሽ።»

እመኑኝ፣ ከዱካው ይልቅ አጥንቴ ድረስ የገባችው ያቺ ቃል ናት፣ ሚስቱንና ልጆቹን አሽሽቶ እኔን ወረቀት ሳርም ትቶኝ መሄዱ፣ ያ ሁሉ ደግነት ለኔ ሳይሆን ለሌላ እንግዳ መሆኑ።

በሳምንቱ ቤት ተከራይቼ ወጣሁ። በኋላ ሚስቱን መንገድ ላይ ሳገኛት ምንም ሳታውቅ «ሙሉቀን እኮ እንቅልፍ አገኘ» አለችኝ። እኔም በተከራየሁት ቤት ምንም ሰምቼ አላውቅም፣ እውነቱን ለመናገር ነገሩ እየተረሳኝ ነበር፣ እስካለፈው እሁድ ድረስ።

እሁድ ወንድሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊጠይቀኝ መጣ። ይቅርታ አላለኝም፣ እኔም ያን ነገር አላነሳሁበትም፣ ስለ ልጆቹ ትምህርት አወራን፣ ሻዩን ሳይጨርስ ተነሳ። በሩ ጋ ደርሶ «በይ እታለም፣ ደህና ዋይ» አለኝ። ከዚያ ኮፍያውን አወለቀ፣ በትከሻዬ አሻግሮ ወደ ባዶው ክፍል አየና፣ ጎንበስ ብሎ፣ ዝግ ባለ ድምፅ፣ «እርስዎም ደህና ይዋሉ» አለ።