የፋኖስ ጾመኞች

«ብቻ አያትሽ ‹አየኋት› ይበሉልን፤ የቀረውን ለእኔ ተዪው» አለ ሂዛም፣ ከአሮጌው የባሕር ማማ ጫፍ ላይ ቁልቁል ተንጠልጥሎ። እጁ እስከ ክርኑ በአመድ ተለውሷል፤ ላምባ ላምባ ይሸታል።

«ጨረቃዋን በገመድ ጎትቼ ላውጣልህ?» አለችው አርዋ ከታች።

«በናትሽ አትቀልጂ። ነገ ረመዳን ከገባ ፈተና የለም። እኔ ስለ ክፍልፋይ የማውቀው አንድ ዓሣ ለቤተሰብ ሲካፈል ጭራው ለእኔ እንደሚደርስ ብቻ ነው።»

አርዋ ሳቋን ዋጠች። እውነቱን ለመናገር እሷም ከጎረቤቷ ልጅ ከሂዛም አትሻልም ነበር። ከግብፅ የመጡት የሒሳብ መምህር ኡስታዝ ፈህሚ ቃላቸው አንድ ነው፦ ረመዳን ነገ ከገባ ፈተናው ከበዓሉ በኋላ ይሆናል፤ ካልገባ ሁሉም እርሳሱን ቀርጾ በጠዋት ይመጣል። አርዋ ሳምንቱን ሙሉ የውኃ ጋን ስታጥብና ቅመም ስትወቅጥ፣ እናቷን ለረመዳን ስታግዝ እንደከረመች ላገኘችው ሁሉ ተናግራለች። ግማሹ እውነት ነው። ግማሹን ጊዜ ግን ከጓደኛዋ ከሱዓድ ጋር ደጅ ተቀምጣ የጃስሚን አበባ በክር ስትሰካ ነበር ያሳለፈችው።

ቢር ሐሊማ የየመን ዓሣ አስጋሪዎች መንደር ናት፤ ፊቷን ወደ ምዕራብ መልሳ ቀይ ባሕር ዳር የተቀመጠች። ፀሐይ የምትጠልቀው ውኃው ውስጥ ነው፤ አዲስ ጨረቃም የምትፈለገው እዚያው ነው። የሻዕባን ወር ሃያ ዘጠነኛው ቀን ሲመሽ መንደሩ በሙሉ ወደ አሸዋው ጉብታ ይወጣል። ጨረቃ ከታየች ነገ ረመዳን ነው። ካልታየች ሻዕባን ሠላሳ ይሞላና ጾሙ በአንድ ቀን ይገፋል። ዛሬ ዛሬ ይህን ስልካችን ቀድሞ ይነግረናል፤ ማንም አንገቱን ቀና ማድረግ አያስፈልገውም። ያኔም ቢሆን የመስጊዱ አሰጋጅ ፈቂህ ጋሊብ ራዲዮ ነበራቸው። ቢር ሐሊማ ግን ዓሣዋን ከሰው መረብ፣ ጨረቃዋን ከሰው አፍ መቀበል አትወድም ነበር።

ጨረቃዋ ስትታይ ማማው ላይ የተደረደሩት በላምባ የታሹ የአመድ ድቡልቡሎች ይለኮሳሉ። እሳቱን በስተደቡብ ያለችው የሙዕጢብ መንደር አይታ የራሷን ትለኩሳለች፤ የሙዕጢብን ቀጣዩዋ ታያለች፤ እንዲህ እንዲህ እያለ የምሥራቹ ዳርቻውን ይዞ እስከ ቴምሩ ጫካ ይወርዳል። የዘንድሮው እሳት ለኳሽ ሂዛም ነው። ከቀትር ጀምሮ አመድ ሲያሽ ስለዋለ ዓይኑ ሥር እንኳን ተኳኩሏል።

እሳቱ የሚለኮሰው ደግሞ በአንድ ሰው ቃል ነው፤ በአርዋ አያት በሐጅ ሙቅቢል። የአርዋ እናት ከመወለዷ በፊት ጀምሮ የመንደሩ ጨረቃ አሳሽ እሳቸው ናቸው። ሌላ ሰው «አየሁ» ብሎ ከመጣ እንኳን መጀመሪያ በእሳቸው ጥያቄ ያልፋል። «ቀንዶቿ ወዴት ናቸው?» ይሉታል። ያየ ሰው ሳያስብ ይመልሳል። ያላየ ሰው ጭንቅላቱን ያካል።

ሙዕጢቦች እንደ እሳቸው ያለ ሰው ስላልነበራቸው አንድ ዓመት ጉድ ሆነዋል። ዘግይታ ወደ ወደብ ትመለስ የነበረች ጀልባ ምሰሶዋ ላይ ፋኖስ ሰቅላ ነበር። ሙዕጢቦች ፋኖሱን ጨረቃ ነው ብለው እሳት ለኮሱ፤ ሌሊት ተነሥተው ሱሑር በሉ፤ መንደሩ በሙሉ በሐሩር ጾመ። ማታ ላይ ነገሩ ሲገለጥ «የፋኖስ ጾመኞች» የሚል ስም ወጣላቸው። ስሙ እስከ ዛሬ አልለቀቃቸውም። ገበያ ላይ ዓሣ የሚያስወድድ ሙዕጢቤ ካለ «ዋጋውን በፋኖስ ነው ያየኸው?» ይባላል። ከዚያ የመጣች ሙሽራ እንኳን ሳትሰማው አታድርም። ስሙን ያወጡት ማን መሰላችሁ? ራሳቸው ሐጅ ሙቅቢል ናቸው፤ እስከ ዛሬም ይኮሩበታል።

አርዋን ያስጨነቃት ይኼ ነው። ማንም የማያውቀውን አንድ ነገር ታውቃለች።

የጀመረው በመርፌ ነበር። አያቷ የጀልባ ሸራ ሲሰፉ ክሩን ለረጅም ጊዜ ከመርፌው ጋር ሲያታግሉ አየቻቸው። «የዘንድሮ ክር ጥሩ አይደለም» አሏት። ክሩ የአምናው ነው። አርዋ ምንም ሳትል ተቀብላ አስገባችላቸው። ከዚያ በኋላ ሻዩን ከስኒው አጠገብ ሲቀዱ አየች፤ በሩቅ ለሚመጣ ሰው ድምፁን እስኪሰሙ ሰላምታ ሳይሰጡ ሲጠብቁ አየች። እሳቸው አልነገሯትም፤ እሷም አልጠየቀቻቸውም። ብቻ በየጠዋቱ መርፌዎቹን ሁሉ ክር አስገብታ መርፌ መሰኪያው እንጨት ላይ ሰክታ ትሄዳለች። የክሩ ጥራት ተሻሻለ።

ሐጅ ሙቅቢል አሁን ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ዱላቸውን ተመርኩዘው በጉብታው ጫፍ ቆመዋል። አርዋ ሮጣ አጠገባቸው ደረሰች። ከኋላቸው መንደሩ ተሰብስቦ ይንሾካሾካል። ፈቂህ ጋሊብ ጺማቸውን እያሹ ከጎን ቆመዋል።

«ባሕሩ ዛሬ ምን ይመስላል?» አሏት አያቷ ቀስ ብለው።

«አቧራ አለበት አባባ።»

«በልጅነቴ ረመዳን የመጣው በቴምር ለቀማ ነበር» አሉ፣ ለእሷ እንደሚመልስ ሰው ሳይሆን እንደሚያስታውስ ሰው። «እናቴ ማፍጠሪያዬን ከዛፉ ላይ ነበር የምታወርድልኝ። ከዚያ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ወደ ኋላ እየሸሸ ሐሩሩ ውስጥ ገባ፤ ንፋሱ ውስጥ ገባ፤ ዞሮ ዞሮ ደግሞ ቴምሩ ጋ ተመለሰ። በሐሩሩ ጊዜ ምላሴን አሸዋ ላይ ቢጥሉት ይጠበስ ነበር። እንዲህ እያደረገ ሁለት ጊዜ ዞሮልኛል። ሦስተኛውን የምታዪው አንቺ ነሽ።»

ፀሐይዋ ውኃው ውስጥ ሰጠመች። ሐጅ ሙቅቢል እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው ሰማዩን ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ ብለው አሰሱት፤ ልክ እንደ ወትሯቸው። አርዋም አሰሰች። ቀይ ነበር፤ ከዚያ ሐምራዊ ሆነ፤ ከዚያ አመድማ ሆነ። ምንም የለም።

በድንገት ዱላው ከአሸዋው ተነሣ።

«ያቻትና» አሉ ሐጅ ሙቅቢል።

ከኋላ ሁካታ ተነሣ። ሦስት ሰዎች ወዲያው «እኔም አየኋት» አሉ፤ አንደኛው ወደ ሰሜን እያየ ነበር። ማማው ላይ ሂዛም የክብሪቱን ሳጥን አንቀጫቀጨ። «ላብራ?» ብሎ ጮኸ።

አርዋ የዱላውን አቅጣጫ ተከትላ አየች። እዚያ፣ ውኃውና አቧራው በሚገናኙበት ቦታ፣ አንዲት ደብዛዛ ቢጫ ነጥብ ነበረች። ከፍ ትላለች፤ ዝቅ ትላለች። ጨረቃ ደግሞ አትወዛወዝም። የምትመለስ ጀልባ ነበረች፤ ምሰሶዋ ላይ ፋኖስ የሰቀለች።



«ሐጅ፣ አረጋግጠዋል?» አሉ ፈቂህ ጋሊብ። ቀኝ እጃቸው ለሂዛም ምልክት ለመስጠት ግማሽ መንገድ ተነሥቷል።

ዝም ብትል ምን ይሆናል? ምንም። ፈተናው ይቀራል። አያቷ እንደ ወትሯቸው በምርቃት ታጅበው ይወርዳሉ። ሂዛም በደስታ ከማማው ላይ ይወድቃል። ነገ ግን ዳርቻው በሙሉ በፋኖስ ይጾማል። ከነገ ወዲያ ደግሞ ያ ስም ከሙዕጢብ ተነሥቶ፣ አሸዋውን ተሻግሮ፣ ባወጡት ሰው ደጅ ይቀመጣል። ጮክ ብላ ብትናገር ደግሞ አሁኑኑ፣ እዚሁ፣ በሰው ሁሉ ፊት ታዋርዳቸዋለች።

የፈቂሁ እጅ ትንሽ ከፍ አለ።

አርዋ የአያቷን እጅጌ ያዘች። ከእሳቸው ጆሮ በቀር ማንም እንዳይሰማ አድርጋ ጠየቀች።

«አባባ፣ ቀንዶቿ ወዴት ናቸው?»

ሐጅ ሙቅቢል ደንግጠው ወደ እሷ ዞሩ። መልሱን ያውቁታል። በዚህ ወቅት አዲስ ጨረቃ ሁልጊዜ እንደ ጀልባ በጀርባዋ ትተኛለች፤ ሳያዩም መናገር ይችሉ ነበር፤ ማንም አይደርስባቸውም። አርዋ ከንፈራቸው ለመናገር ሲከፈት አየች።

ተመልሶ ተዘጋ። ዱላው ቀስ እያለ ወርዶ አሸዋው ውስጥ ገባ።

«ፈቂህ፣ እጅዎን ያውርዱ» አሉ። «አላየሁም።»

«አሁን አየሁ አላሉም እንዴ?»

«አልኩ። አላየሁም። ሻዕባን ሠላሳ ይሙላ።»

ሕዝቡ አጉረመረመ። «እኔ ግን አይቻታለሁ» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

«አንተማ ድምፅህ ወደ ሰሜን ነው የሚሄደው» አሉ ሐጅ ሙቅቢል ሳይዞሩ። ሰዉ ሳቀ፤ ጉርምርምታውም በሳቁ ውስጥ ቀለጠ። ማማው ላይ ብቻ አንድ ሰው ራሱን ይዞ ተቀምጦ ነበር።

ጉብታው ሲበተን ጀልባዋ ደረሰች። አስጋሪው ጉልበት በሚደርሰው ውኃ ውስጥ እግሩን ሰዶ ወረደና «ጨረቃዋ ታየች?» ብሎ ጠየቀ። ፈቂህ ጋሊብ ምሰሶው ላይ የሚወዛወዘውን ፋኖስ አዩ። ከዚያ ወደ ቤት የሚያዘግሙትን አያትና የልጅ ልጅ አዩ። «አልታየችም» ብለው ብቻ መለሱለት፣ ደግ ሰው ናቸውና።

መንገድ ላይ ሐጅ ሙቅቢል ወደ አርዋ ዞር አሉ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?»

«ከመርፌው ጀምሮ።»

«ክሩ መጥፎ ነው ስልሽ አመንሽኝ ብዬ ነበር።»

«ክሩም መጥፎ ነበር» አለች አርዋ።

ሽማግሌው ሳቁ። ሳቃቸው ቶሎ አለቀ። «ያን ስም ለሙዕጢቦች ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ታውቂያለሽ?»

«መንደሩ በሙሉ ያውቃል አባባ። በየሠርጉ ትነግረን የለ።»

«እ» አሉና ዱላቸውን ወደ ሌላኛው እጃቸው አዛወሩ። «ፋኖሱ ሲወዛወዝ አላየሁትም። ብርሃን መሆኑን ብቻ ነው ያየሁት።»

በማግስቱ ጠዋት አርዋ መርፌዎቹን ክር አስገብታ፣ እርሳሷን ቀርጻ ሄደች። ስለ ፈተናው ባናወራ ይሻላል። ሂዛም አንዱን ጥያቄ በዓሣ ሥዕል እንደመለሰ ብቻ ይታወቃል።

ሲመሽ መንደሩ እንደገና ወደ ጉብታው ጎረፈ። ሻዕባን ሞልቷል፤ ጨረቃ ታየች አልታየች ነገ ረመዳን ነው፤ አሳሽ አያስፈልግም። አቧራው ወርዶ ሰማዩ ታጥቧል። ሕፃናት ሳይቀሩ አዩዋት። «ያቻትና! ያቻትና!» እያሉ አሸዋው ላይ ይንከባለሉ ነበር። ሱዓድ አርዋን በክንዷ ያዘቻት።

«አያትሽስ?»

አርዋ ዞራ አየች። የጉብታው ጫፍ፣ ሁልጊዜ ነጩ ቀሚስ የሚቆምበት ቦታ፣ ባዶ ነበር። ማንም አልቆመበትም፤ ሁሉም ዙሪያውን ከቦ ባዶውን ቦታ ትቶታል።

ቁልቁል ሮጠች። ሐጅ ሙቅቢል ደጃቸው ላይ ሸራውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ተቀምጠዋል፤ መርፌው ግን እንጨቱ ላይ እንደተሰካ ነው።

«ተነሥ አባባ።»

«ዛሬ እኮ ያለ እኔም ይታያል።»

«ይታያል። ተነሥ።»

ወትሮ እጅጌያቸውን ነበር የምትይዘው፤ እየመራቻቸው እንዳይመስል። አሁን እጃቸውን ያዘች። ሰዉ መንገድ ለቀቀላቸው። ጫፉ ላይ ሲደርሱ አርዋ ትከሻቸውን በሁለት እጇ ይዛ ትንሽ ወደ ቀኝ አዞረቻቸውና፣ እንደ ለመደችው ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለች።

«አይደለም» አሉ ሐጅ ሙቅቢል። «ሰው እንዲሰማ ንገሪኝ። ቀንዶቿ ወዴት ናቸው?»

ፈቂህ ጋሊብ ጺማቸውን ማሸት ተዉ። አርዋ መላው መንደር እያያት እንደሆነ ታውቃለች። ቀጭኗን ጨረቃ አየቻት፤ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«ወደ ላይ። እንደ ጀልባ በጀርባዋ ተኝታለች።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «አይታለች» አሉ ለፈቂሁ። ከዚያ ዱላቸውን ወደ ማማው አነሡ። «ሂዛም፣ አብራ።»

እሳቱ ቦግ አለ። ጥቂት ቆይቶ በስተደቡብ፣ ከአሸዋው ማዶ፣ ሌላ እሳት መለሰ።

«ሙዕጢቦች አበሩ?»

«አበሩ አባባ።»

ከኋላቸው አንድ ጎረምሳ «የፋኖስ ጾ...» ብሎ ጀመረ። ሐጅ ሙቅቢል ዞር አሉበት፤ ልጁ የቀረውን ዋጠው።

«ጥሩ እሳት ነው» አሉ፣ ፊታቸውን ወደ ደቡብ መልሰው። አርዋ እጃቸውን ሳትለቅ አጠገባቸው ቆመች፤ ከኋላ ሳይሆን ከጎን።