ማገዶ ቤት የተሸጎጠው መቋሚያ

«ግራ... ቀኝ... አሁን ጎንበስ! ኧረ ቀስ ይበሉ፣ አባባ!»

እሌኒ ከአያቷ በግራ በኩል ቆማለች፤ ቢንገዳገዱ ልትይዛቸው እጇን ዘርግታ። መሪጌታ ፅጌ ማርያም መቋሚያቸውን፣ ያንን ረጅም የማኅሌት ዘንግ፣ እያወዛወዙ ይሸበሽባሉ። ጣና ሐይቅ ደሴት ላይ አርባ ዓመት ማኅሌት የቆሙ ሰው፣ ዓምና ታመው ከተኙ ወዲህ ከአልጋ እስከ በር መራመድ አቅቷቸው ነበር። የጤና ጣቢያው ድሬሰር «ስፖርት ይሥሩ፣ እግርዎ ይጠናል» ቢላቸው፣ «እኔ ከሽብሸባ በቀር ስፖርት አላውቅም» አሉት።

ድሬሰሩ ሳቀ። «እሱም ይሆናል። ብቻ ያለ ሰው እንዳይሞክሩት።»

ይኸው በሦስት ወሩ ሐይቁ ዳር ደርሰው፣ ታንኳ ሲያልፍ አይተው ይመለሳሉ።

የዚያን ዕለት አገርነሽ ባጥሩ ላይ ብቅ አለች። ከእሌኒ ጋር በቀበሌው ኪነት ቡድን ውስጥ ናቸው፤ የአብዮት በዓል ደርሷል።

«ኧረ ጉድ! ቤታችሁ ማኅሌት ገባ እንዴ? አንቺ ፋራ፣ ደብተራ ልትሆኚ ነው?»

ከኋላዋ ያሉት ልጆች በሳቅ ፈረሱ። የእሌኒ ፊት ጋለ።

በማግስቱ ልጆቹ ለልምምድ ሊጠሯት ሲመጡ እንዳያዩባት፣ መቋሚያውን ማገዶ ቤት ከእንጨቱ መሐል ሸጎጠችው።

«እሌኒዬ፣ መቋሚያዬን አየሽው? እዚህ ነበር ያስደገፍሁት።»

«አላየሁትም፣ አባባ። ዛሬ ይቅርብን።»

ወጥታ ሄደች። መሪጌታ ግን መቅረት አያውቁበትም። ካጥሩ ሸንበቆ መዘው ብቻቸውን ጀመሩ።

ከልምምድ ስትመለስ ጎረቤቱ ሁሉ ግቢው ውስጥ ነበር። ሸንበቆው ለሁለት ተሰብሮ መሬት ላይ ወድቋል።

መሪጌታ ከሆስፒታል በቃሬዛ ከመጡ ሳምንት ሆናቸው። የተሰበረው ዳሌያቸው ነው። ከዚያ ወዲህ የሐይቁን ነገር አንስተው አያውቁም። ለጠየቃቸው ሁሉ ግን፣ «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ምን አስቸኮለኝ? ልጅቱ እስክትመጣ ብጠብቅ ምን ነበረበት?» ይላሉ። እሌኒ ይህን በሰማች ቁጥር ከክፍሉ ትወጣለች።

«እሌኒ! ረፈደብን እኮ!» አገርነሽ ናት፣ ከበር።

እሌኒ ማገዶ ቤት ገባች። መቋሚያውን አውጥታ አቧራውን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው።

«እሱን ደግሞ የት ልትወስጂው ነው?»

«የአያቴ ነው። አንቺን አፍሬ ደብቄባቸው ነበር።»

እሌኒ በሩን እንደተከፈተ ትታው ወደ ቤት ተመለሰች፤ የአያቷ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። መቋሚያውን በሁለት እጇ ይዛዋለች።

«አባባ» አለች፣ «የምነግርዎ ነገር አለ።»