ቀድማ የተነሳች ጣት

ጣቷን ያነሳችው ታሉሳ ብቻ ነበረች።

ጋሻዋን አሸዋው ላይ ጥላዋለች። ግራ እጇ ወደ ላይ ተዘርግቷል፤ አንድ ጣት። ፊት ለፊቷ ቤሮኤ ሰይፏን እንደያዘች ቆማለች። የቤሮኤ ግራ እጅ ከጋሻዋ ጀርባ ነው፤ ንቅንቅ አላለም።

«ሦስት ስል አላልሽም?» አለች ታሉሳ በቀስታ።

ዳኛው ረጅም በትሩን በመሃላቸው ሰደደ።

በሃሊካርናሶስ ከተማ የፍልሚያ ሜዳ ሕጉ ይኸው ነው። ሁለት ተፋላሚዎች ጋሻቸውን አብረው ጥለው ጣታቸውን አብረው ካነሱ፣ ሁለቱም በቁማቸው ከሜዳው ይሰናበታሉ፤ ማንም አልተሸነፈም። አንዷ በአንዲት ትንፋሽ ከቀደመች ግን ለመነች ማለት ነው። የለመነችው ትሙት ወይ ትትረፍ የሚለው የሕዝቡ ፈንታ ነው። ሁለቱ ልጆች ወር ሙሉ ሲለማመዱ የከረሙት ይህችኑ ትንፋሽ ነበር። የገብስ ገንፏቸው ላይ አጎንብሰው፣ ቤሮኤ እየቆጠረች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አንድም ቀን ተዛንፈው አያውቁም።

«አንቺ ገብስ በሊታ! እንቅልፍሽ መጣ እንዴ?» ብሎ ጮኸ አንዱ ተመልካች ከላይ። ሰው ሁሉ በሳቅ አውካካ።

«ተዋት እባክህ፣ ልጅ ናት!» አለች አንዲት ሴትዮ።

«ልጅ ከሆነች እቤቷ ትጫወታ!»

አዝነውላት ይሁን ሳቁ በዝቶባቸው፣ ብዙዎቹ መሐረባቸውን አውለበለቡ። ምሕረት ማለት ነው፤ ታሉሳ ከሞት ተረፈች። ለቤሮኤ የድል ዘንባባ ሰጧት።

የሴቶቹ ክፍል ውስጥ ሲገቡ ቤሮኤ ናት ቀድማ የተናገረችው።

«እህቴ ሙች፣ በጩኸቱ አልሰማሁሽም።»

«ቆጣሪዋ አንቺ ነሽ። ምኑን ነው ያልሰማሽው?»

ቤሮኤ ላቧን በክንዷ ጠረገች። «እሺ፣ ይኸው። ሦስት ጊዜ ካሸነፍኩ የገዛን ጌታ ከባርነት ነፃ ሊያወጣኝ ቃል ገብቶልኛል። አሁን አንድ ብቻ ቀረኝ። ደግሞ እንደሚምሩሽ አውቅ ነበር።»

«ማን ነገረሽ?»

ቤሮኤ ዘንባባውን ግድግዳው ላይ አስደገፈች።

ታሉሳን ያንገበገባት ሌላም ነገር ነበር። ባለፈው ሳምንት እሷም ይህንኑ አስባ ነበር። ሦስት ሲባል ብትዘገይስ ብላ። ከዚያ በራሷ አፍራ ተወችው።

አሰልጣኛቸው ድሮሞን መጋረጃውን ገልጦ ገባ። አንድ ጆሮው የለም፤ በቀረው ግን ሁሉን ይሰማል።

«ተዋውላችሁ ነበር?» አለ። «ተዋውላችሁ ከሆነ ዘንባባው ይቀማል፣ ድሉም አይቆጠርም። ሁለታችሁም ትገረፋላችሁ። ታሉሳ፣ አንቺን ነው የምጠይቀው።»

ቤሮኤ ዓይኗን ከወለሉ ላይ አላነሳችም።

ታሉሳ አንድ ቃል ብትናገር ቤሮኤ ያገኘችው ሁሉ ይፈርሳል። ጅራፍ እንደሆነ አዲሷ አይደለም።

«አልተዋዋልንም ጌታዬ» አለች በመጨረሻ። «ደክሞኝ ነው።»

ቤሮኤ በረጅሙ ተነፈሰች። እጇን ዘርግታ የታሉሳን ክንድ ልትይዝ ስትል፣ ታሉሳ ክንዷን ሰበሰበች።

«ደካማ» አለ ድሮሞን። «ለወይን ለቀማው በዓል ፍልሚያ ከማን ጋር ላጣምርሽ እንግዲህ? ቀለል ያለች ልፈልግልሽ?»

«ከቤሮኤ ጋር» አለች ታሉሳ። «የቀራትን አንድ ድል ከቻለች ከእኔ ትውሰድ።» በርጩማው ላይ ቁጭ ብላ እግሯ ላይ የደረቀውን አሸዋ ማጠብ ጀመረች።